ኩልዳባድን በግማሽ ሰዓት አትጨርሷት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሕንድ ፑኔ ውስጥ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። በኅዳር መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ታጅ ማሃልና ጎዋ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ስለሆነ፣ እኛ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ አይተን መመለስ አማረን። ከሀገራችን ተሽጦ ሄዶ ሕንድ ላይ ገዢ የሆነው ማሊክ አምባር የተቀበረው ኩልዳባድ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው ሲሉ ሰማሁና እሷን መረጥን። ሁለት ሴቶች ብቻችንን ብንሄድ ምን ያጋጥመናል? እዚያው ማደር ይቻላል? ጾም ላይ ስለምንሆን ምግቡስ እንዴት ነው?»

መልስ፦ ሂዱ። ግን እዚያ አትደሩ። ማደሪያችሁን ወጣ ብላችሁ ያዙና ቀኑን ሙሉ ለኩልዳባድ ስጧት።

እንዲህ የምለው በምክንያት ነው። ወደ ኩልዳባድ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛው ከዓለት የተፈለፈሉትን የኤሎራን ዋሻዎች አይቶ ሲመለስ እግረ መንገዱን የሚገባ ነው። ሹፌሩ የንጉሥ አውራንግዜብ መቃብር ደጃፍ ያቆምለታል። ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ሆቴል። እናንተ የምትፈልጉት የማሊክ አምባር መቃብር ከነጭራሹ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። እንግዳ ይዤ በዚያ መስመር ተመላልሻለሁ። «ማሊክ አምባር ጋ ውሰደን» ስል «እዚያ እኮ ምንም የለም» የማይለኝ ሹፌር ብርቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ለሱ ምንም የለም። ለናንተ ግን አለ።

ከተማዋን ላስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ኩልዳባድ ማሃራሽትራ ውስጥ ነች፤ ድሮ አውራንጋባድ ትባል ከነበረችው፣ ከ2023 ወዲህ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ከተባለችው ትልቅ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2011 ቆጠራ ነዋሪዋ 16 ሺህ አይሞላም ነበር። የተቀመጠችው ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ስለሆነ በኅዳር ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፤ ሹራብ ያዙ። የጥንት የድንጋይ ቅጥር ነበራት። ቅጥሩ እዚህም እዚያም ፈርሷል፤ ከበሮቹ ግን ዛሬም የቆሙ አሉ። ሪክሾውም፣ ላሚቱም፣ ደብተር ያዘለው ተማሪም በነዚሁ በሮች ይሾልካል።

ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሱፊ ሼኾች ከዴልሂ እየወረዱ ሰፍረውባታል። ቡርሃኑዲን ጋሪብ በ1337፣ ዘይኑዲን ሺራዚ በ1369 ሞተው እዚያው ተቀበሩ። ከደግ ሰው አጠገብ ማረፍ በረከት ነው ተብሎ ንጉሡም መኳንንቱም ተከተሏቸው። ስለዚህ ከተማዋ ዞር ባላችሁ ቁጥር መቃብር ነው። ደግሞ ሙዚየም አይደለችም። መቃብሮቹ ሰው የሚጸልይባቸው፣ የሚሳልባቸው፣ ልጅ ታሞበት የሚያለቅስባቸው ቦታዎች ናቸው። ይኼን ከጅምሩ ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ማሊክ አምባርን በተመለከተ የምታውቁትን አልደግምም፣ ለጉዞው የሚጠቅመውን ብቻ ልበል። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ተሽጦ በዓረብ ሀገርና በባግዳድ አልፎ ሕንድ ደረሰ። ደካን በሚባለው የሕንድ ደጋ ላይ በገንዘብ የገዛው ጌታው ቼንጊዝ ኻን የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ነበር፤ እሱም ራሱ ከሀበሻ ምድር የሄደ ነው። ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ፣ ፈረሰኛ ሰበሰበ፣ በ1600 ሙጋሎች፣ ማለትም የሰሜን ሕንድ ገዢዎች፣ አህመድናጋርን ሲይዙ ከንጉሡ ዘር አንዱን ዙፋን ላይ አስቀምጦ በሞግዚትነት ገዛ። መትቶ በሚሰወር ፈረሰኛ ከሃያ ዓመት በላይ ሙጋሎችን እንቅልፍ ነሳ። ንጉሠ ነገሥቱ ጃሃንጊር ከመናደዱ የተነሳ፣ የአምባርን የተቆረጠ ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አስሎ ነበር። አምባር ግን በ1626 በእርጅና ሞተ፤ ጭንቅላቱም ትከሻው ላይ እንዳለ ተቀበረ።

የጃሃንጊር የልጅ ልጅ ማን መሰላችሁ? አውራንግዜብ። እሱም በ1707 ሲሞት የተቀበረው እዚያችው ኩልዳባድ ነው። የአያቱ ጠላት ቀድሞ ቦታ ይዞ ጠበቀው። ሁለቱ መቃብሮች መካከል ያለው መንገድ በእግር የሚሄዱት ነው። እኔ እንግዶቼን በእግር የማስኬዳቸው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ በደንብ አንብቡት። አምባር በ1610 የቆረቆራት ካድኪ የምትባል ከተማ ነች ኋላ አውራንጋባድ የሆነችው። ስሟን ያገኘችው ከአውራንግዜብ ነው። አሁን የተሰየመችው ደግሞ በሳምባጂ ነው፤ አውራንግዜብ በ1689 ማርኮ የገደለው የማራታ ንጉሥ። ነገሩ የታሪክ ክርክር ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2025 የአውራንግዜብ መቃብር ይፍረስ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ናግፑር ከተማ ውስጥ ግጭት ተፈጥሯል፤ መቃብሩም ላይ የፖሊስ ጥበቃ ተጠናከረ። ለናንተ ይኼ ማለት፦ ፓስፖርት ያዙ፣ ስማችሁን ሊመዘግቡ ይችላሉ፣ ስልክ አስቀምጡ ካሏችሁ ያለ ክርክር አስቀምጡ። ስለ አውራንግዜብ ደግ ነበር ክፉ ነበር የሚል ወሬ ውስጥ አትግቡ፣ ቢጠይቋችሁም። «እኛ የመጣነው ለማሊክ አምባር ነው» በሉ። እውነትም ነው፣ ፊትም ያስፈታል። ከመነሣታችሁ በፊት የሰሞኑን ዜና እዩ። አካባቢው ላይ ውጥረት አለ ከተባለ ሳምንቱን አሳልፉት። መቃብሩ አራት መቶ ዓመት ጠብቋል።

መንገዱን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። ከፑኔ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። የክልሉ መንግሥት አውቶቡሶች «ኤስቲ» ይባላሉ፤ ቀዮቹ ርካሽ ናቸው። ሺቫይ የሚባሉት ኤሌክትሪኮቹ ቀዝቃዛ አየር አላቸው፣ ወገባችሁም ያመሰግናችኋል። ሺቫጂናጋር መናኸሪያ ለሜትሮው ግንባታ ሲባል ወደ ዋክዴዋዲ ዞሮ ስለነበር፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን መነሻ አይታችሁ ለሪክሾው ንገሩት። መንገዱ በአህመድናጋር ያልፋል፤ አምባር ያገለገለበት መንግሥት መቀመጫ ነች። ስሟም አሁን አሂልያናጋር ሆኗል። ወደ መጨረሻው ዋሉጅ የሚባል የፋብሪካ መንደር ታያላችሁ። የባጃጅ ኩባንያ ከትልልቅ ፋብሪካዎቹ አንዱ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ የምንሳፈርባት ነገር ሀገሯ ይሄ ነው። ግን እዚያ «ባጃጅ» ብላችሁ አትጣሩ፤ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ይመስላቸዋል። «ሪክሾ» ወይም «አውቶ» ነው የሚባለው።

ከትልቁ ከተማ መናኸሪያ ወደ ኤሎራና ኩልዳባድ የሚሄዱ ቀይ አውቶቡሶች ቀኑን ሙሉ አሉ። ሰሌዳቸው በማራቲ ፊደል ነው፣ ቁጥሩም ጭምር። ለማንበብ አትድከሙ። ረዳቱን ጠይቁ፤ ኤሎራን «ቬሩል» ነው የሚላት። ረዳቱ ትኬቱን በእጅ መሣሪያ ይቆርጥላችኋል። መልሱን እዚያው ተቀበሉ።

አሁን ወደ ማደሪያው። ይኼ ነው ብዙ ሰው የሚያማርርበት። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ማንኛውም ሆቴል እንግዳውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን በኢንተርኔት ማስመዝገብ አለበት። ሲ-ፎርም ይሉታል። ትንንሽ ሎጆች ይኼ ምዝገባ የላቸውም። ስለዚህ የሚያሳድሩት የሀገሬውን ሰው ብቻ ነው። የምትይዙበት መተግበሪያ ክፍል አለ ይላችኋል፣ ብሩንም ይቀበላል። ማታ ሻንጣ ይዛችሁ ስትደርሱ ግን እንግዳ ተቀባዩ ፓስፖርቱን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ ምክንያቱ በእውነት ሲ-ፎርሙ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥቁር እንግዳ አለመፈለግ ነው፣ ሲ-ፎርሙን ሰበብ ያደርገዋል። ከደጅ ቆማችሁ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ለመለየትም ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

መፍትሔው ስልክ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፣ ሁለት ሴቶች ነን፣ ሲ-ፎርም ትሞላላችሁ ወይ?» በሉ። አዎ ካሉ በዋትስአፕ ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። አንቺ ተማሪ ስለሆንሽ የመኖሪያ ፈቃድሽንም ያዢ፤ ፓስፖርት ብቻ አይበቃቸውም። የሁለታችሁንም ፓስፖርትና ቪዛ ገጽ ኮፒ ሦስት ሦስት አድርጉ። ኩልዳባድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፣ መብራት ግን ሊጠፋ ይችላል።

ከኩልዳባድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ቬሩል መንደር ውስጥ፣ ከዋሻዎቹ በር አጠገብ፣ የውጭ እንግዳ የለመዱ ሆቴሎች አሉ። እዚያ ነው የምመክራችሁ። ለቤተ መቅደስ ተሳላሚዎች የተሠሩ ርካሽ ማረፊያዎችም ታያላችሁ። ስሙ ያምራል፣ ዋጋውም ያጓጓል፤ ግን ለሀገሬው ተሳላሚ ነው፣ አትቁጠሩበት። ካልሆነ ትልቁ ከተማ እደሩና ጠዋት ውጡ።

ቀኑን ስትመርጡ፣ ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው። ዓርብ ኩልዳባድ ላይ የጁምዓ ሰው ይበዛል። እኔ ብሆን ረቡዕ ከፑኔ ተነሥቼ ማታ ቬሩል እገባለሁ። ሐሙስን በሙሉ ለኩልዳባድ፣ ዓርብን ጠዋት ለኤሎራ፣ ከሰዓት መመለስ። ሐሙስ ወደ ዳርጋ፣ ማለትም ወደ ሼኾቹ መቃብር፣ ለመሳለም የሚሄዱበት ቀን ነው፤ ወደ ማታ ሰው ሞቅ ይላል። ኅዳር ደግሞ የተመረጠ ወር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሙቀቱ አልመጣም። ሚያዝያና ግንቦት ብትመጡ ኖሮ 40 ዲግሪ ይጠብቃችሁ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል በሪክሾ ውጡ። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። መጀመሪያ ሻይ። ሻይ ቤቱ እንጨት አግዳሚ ያለው ነው፤ «ካቲንግ» ካላችሁ በትንሽ ብርጭቆ ግማሽ ይሰጧችኋል። ወተትና ዝንጅብል አብሮ የፈላ ነው፤ ስለጾማችሁ «ካላ ቻይ» በሉ፣ ያለ ወተት ያፈላላችኋል፣ ትንሽ ቢገረምም። እዚያ ስትቀመጡ ከተማው ያያችኋል። ይይ። ይኼ ሩብ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ይሠራላችኋል። ከሰዓት ላይ መንገድ ስትጠይቁ ሰዎቹ እርስ በርስ «እነዚያ ለማሊክ አምባር የመጡት ናቸው» ይባባላሉ።

ከዚያ ባድራ ማሩቲ ሂዱ። የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው፣ የዝንጀሮ መልክ ያለው አምላካቸው የሃኑማን። ሃኑማን በየቦታው ቆሞ ወይም ሲበር ነው የሚታየው፤ እዚህ ተኝቷል። በጋደመበት ብርቱካንማ ቀለም ተቀብቶ፣ አበባ ተከምሮበት። ሽራቫን በሚባለው የሂንዱዎች የተቀደሰ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከትልቁ ከተማ ሌሊቱን በእግሩ እየተጓዘ ይመጣል፤ ያኔ መንገዱ አያስገባም። በኅዳር ሐሙስ ግን ጭር ያለ ነው። ሙስሊም ሼኾች በተኙባት ከተማ መሃል ይሄ መቅደስ መኖሩን ሳታዩ ኩልዳባድን አየን አትበሉ።

ቀጥሎ የዘይኑዲን ሺራዚ ዳርጋ። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፤ ካልሲ አድርጉ፣ ድንጋዩ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል። ራስ ይሸፈናል። ነጠላ ይዛችሁ ብትሄዱ ዱፓታ ከሚባለው የሕንድ ሴቶች ሻሽ የተሻለ ነው፤ ሴቶቹ ጥለቱን እየነኩ «የት ተሠራ?» ይሏችኋል፣ ወሬም በዚያ ይጀመራል። በብዙ ዳርጋ ሴቶች ሼኹ ወደተኙበት ክፍል አይገቡም፣ ከደጃፉ ነው የሚሳለሙት። ሰዎቹ የሚያደርጉትን እዩና ተከተሉ። እናንተ ክርስቲያኖች ናችሁ፣ መስገድም መሳለምም አይጠበቅባችሁም። ዝም ብሎ ጎንበስ ማለት ይበቃል፤ ቅር የሚለው ሰው የለም።

የአውራንግዜብ መቃብር በዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው። የሕንድን አብዛኛውን መሬት የገዛ ሰው ነውና ትልቅ ጉልላት ትጠብቁ ይሆናል። የለም። አፈር ነው። ጣሪያ የለውም፣ መሃሉ ላይ አንድ ቅጠል በቅሏል። ዙሪያውን ያለው ነጭ የእብነ በረድ አጥር በእንግሊዞች ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። በአባቱ የተሠራውን ታጅ ማሃል ያየ ሰው እዚህ ሲቆም ግር ይለዋል። ጠባቂው ቆብ እየሰፋ ባገኛት ገንዘብ እንደተቀበረ ይተርክላችኋል። ሲጨርስ 50 ወይም 100 ሩፒ በእጁ ስጡት፣ ደግ ነው። አንዳንዱ መዝገብ አውጥቶ ፈረንጅ 2,000 እንደሰጠ ያሳያችኋል። መዝገቡን አንብባችሁ አመስግኑና 100 ስጡ።

ከመንገዱ ማዶ የቡርሃኑዲን ጋሪብ ዳርጋ አለ። የሃይደራባዱ የመጀመሪያው ኒዛም፣ ማለትም ገዢ፣ እዚያ ነው የተቀበረው። ከዚያ በኋላ ምሳ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ ባኒ ቤጉም የሚባለው አሮጌ የአትክልት ቦታ ገብታችሁ ጥላ ስር አረፍ በሉ። ቦታው ደከም ያለ ነው፤ ለማረፍ ግን ይሆናል።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ማሊክ አምባር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዛርዛሪ ዛርባክሽ ከሚባለው ዳርጋ አቅራቢያ ነው። «ማሊክ አምባር ካ መቅበራ» ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ጎረምሳው ሁሉ የሚያሳያችሁ ወደ አውራንግዜብ ነው። ጥቁር ግራጫ ድንጋይ፣ ጉልላት ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ላይ የቆመ ነው። በሕይወት እያለ ራሱ ነው ያሠራው። አጠገቡ የባለቤቱ የቢቢ ካሪማ መቃብር አለ፣ አነስ ያለ። ትኬት ቆራጭ የለም፣ መዝገብ የያዘ ተራኪም የለም። ብዙ ጊዜ ሰውም የለም። ፍየሎች አሉ። ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ የድንጋዩ ቅርጽ ሥራ ከሩቅ አይታይም። በሩ ተቆልፎ ካገኛችሁት በአቅራቢያው ዳርጋ ያሉትን ሰዎች ጠይቁ፤ ቁልፉ ያለበትን ያውቃሉ። እዚህ ጋ የምትቆዩትን ያህል ቆዩ፣ ብቻ ከመጨለሙ በፊት ወደ ቬሩል ተመለሱ። ማታ መንገዱ ላይ ሪክሾ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጠዋት ያመጣችሁን ሹፌር ቁጥር ይዛችሁ ቀጠሮ ብታደርጉ ጥሩ ነው።

ሁለት ሴቶች ብቻችሁን መሆናችሁን በተመለከተ፣ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥማችሁ ዓይን ነው። አፍጥጠው ያያሉ፣ ዓይናቸውንም አይሰብሩም። ሀገራችን ገጠር ፈረንጅ ሲያይ ልጁ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ደግሞ ትልቁም ይሆናል። ቀጥሎ ሰልፊ ነው። ከቤተሰብ ጋር፣ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ተነሡ፤ ደስ ይላል፣ ሻይም ያስጋብዛል። በሞተር የመጡ ጎረምሶች ሲሰበሰቡ ግን «ናኮ» በሉና ወደ ሱቅ ወይም ሴቶች ወዳሉበት ጠጋ በሉ። ያንን ቃል ማራቲ ተናጋሪውም የደካን ሙስሊሙም ይረዳዋል፤ አልፈልግም ማለት ነው። ፈገግ ብሎ እምቢ ማለት እዚያ እንደ እሺ ሊቆጠር ስለሚችል ፊታችሁን ኮስተር አድርጉ። ትልልቅ ሴቶችን «ማውሺ»፣ ወንዶቹን «ካካ» ብላችሁ ጥሩ፤ አክስቴ አጎቴ እንደማለት ነው። «ማውሺ» የተባለች ሴት ልጆቹን ራሷ ታባርርላችኋለች።

ሕንድ ውስጥ አፍሪካውያን ላይ መጥፎ ነገር እንደሚደርስ አንቺ ፑኔ የምትኖሪ ስለሆንሽ አልነግርሽም። ቤት ኪራይ ስትፈልጊ አይተሽው ይሆናል። ከልምዴ እንዲህ ያለው ንቀት ከትንንሽ ከተሞች ይልቅ ትልልቆቹ ውስጥ ይብሳል። ኩልዳባድ ላይ የሚበዛው ወሬ ወዳድነት ነው። «ናይጄሪያ? ሳውዝ አፍሪካ?» ይሏችኋል፣ ከክሪኬት የተነሣ። ያጋጠማችሁ ነገር ካስፈራችሁ 112 ደውሉ፤ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው፣ ከማንኛውም ስልክ ይሠራል።

ጾሙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሕንድ ውስጥ «ቬጅ» ማለት ሥጋ የሌለው ነው እንጂ የእኛ የጾም ማለት አይደለም። ቅቤ አለበት፣ እርጎ አለበት፣ አይብ አለበት። «ዱድ ናሂ፣ ጊ ናሂ፣ ዳሂ ናሂ» በሉ፦ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እርጎ የለም። «ኡፕቫስ» ማለትም ጾም ነን ብትሉ ደግሞ የነሱን የጾም ምግብ ያመጡላችኋል፤ ያም ሳቡዳና የሚባል ከካሳቫ የሚሠራ ነጭ ጥራጥሬ መሳይ ነገር በድንችና በለውዝ፣ ብዙ ጊዜ በቅቤ የተጠበሰ ነው።

የሚያድናችሁ የአካባቢው የገበሬ ምግብ ነው። «ፒትላ ባክሪ» ብላችሁ እዘዙ። ፒትላ የሽምብራ ዱቄት በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ በዘይት ተቁላልቶ የተሠራ ነው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቀምሱት የእናታችሁ ሽሮ ነው ትላላችሁ። ባክሪው የማሽላ ወይም የዳጉሳ ዘመድ የሆነ የባጅራ ቂጣ ነው። አጠገቡ የተወቀጠ ቃሪያ በነጭ ሽንኩርት ያስቀምጣሉ፣ ቴቻ ይባላል። ያ ነገር ቀልድ የለውም፣ በጥቂቱ። ጾም ባይሆን ኖሮ ናን ቃሊያ እል ነበር፣ የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ወጥ በትልቅ የምድጃ ዳቦ፤ የአካባቢው ስም የወጣለት ምግብ ነው። ሌላ ጊዜ። የበሬና የላም ጉዳይ ግን ለወሬም አይነሣ፤ ማሃራሽትራ ውስጥ በሬ ማረድ ከ2015 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። በመንገዱ ዳር የዳውላታባድ ጊሽጣ በቅርጫት ተደርድሮ ታያላችሁ፣ ኅዳር ላይ ገና አላለቀም። ግዙ፤ ታጥቦ መበላት የማያስፈልገው ፍሬ ለመንገደኛ ወርቅ ነው።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ውሃ የታሸገ፣ ክዳኑ ጠቅ ሲል የሰማችሁትን ብቻ። ከተማው ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው፣ ሻይ ቤቱ ሳይቀር። አንቺ የሕንድ ባንክ ካለሽ ትከፍያለሽ፤ የአክስትሽ ልጅ ግን ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋታል፣ በአሥርና በሃያ የተዘረዘረ። 500 ሩፒ ለ20 ሩፒ ሻይ የሚዘረዝርላችሁ የለም። መጸዳጃ ቤት ኩልዳባድ ላይ ችግር ነው፤ ሆቴላችሁን ሳትለቁ ተጠቀሙ፣ ሶፍትና ሳሙና ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ሆድ ከታመመ ወይም ትኩሳት ከመጣ እዚያ አትቆዩ፣ ትልቁ ከተማ ውስጥ ሰው «ጋቲ» የሚለው የመንግሥት ሆስፒታል አለ፣ የግልም ሞልቷል።

ዓርብ ጠዋት ኤሎራ ትገባላችሁ። ለውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነው፤ በኢንተርኔት ከቆረጣችሁ 50 ይቀንሳል። ዋሻዎቹ 34 ናቸው፣ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። 16ኛውን ካይላሳን እዩ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ተራራ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ከላይ ወደ ታች መፈልፈል ምን እንደሚጠይቅ ስለሚገባው ከሌላው ቱሪስት የበለጠ ይቆያል። ጎን ያለው ግሪሽነሽዋር መቅደስ ወንዶች ሸሚዝ አውልቀው የሚገቡበት ነው፣ ለናንተ ግን አለባበስ ጨዋ ከሆነ በቂ ነው፤ ስልክ ግን በር ላይ ይቀመጣል።

ከሰዓት ትልቁ ከተማ ገብታችሁ የፑኔው አውቶቡስ ጥቂት ጊዜ ካስተረፈላችሁ ለሪክሾው «ባድካል ጌት» በሉት። አምባር በ1612 ያሠራው በር ነው፣ መኪና ዛሬም በአጠገቡ ያልፋል። ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ቆሞ መንገድ መሻገር አደገኛ ስለሆነ ከሪክሾው ሳትወርዱ አንድ ዙር እንዲያዞራችሁ ንገሩት።